ለቁጥር ሠላሳ አንድ የሰጠሁት ኩባያ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ለመቀበል ሲዋርድ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የሴቶች የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ያሳይ ነበር። ረጅሙ ርቀት ነው፤ በጫካ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል የሚኬድበት። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ሴቶቹን ይመለከታሉ። እኔ የማየው ከመንገዱ ዳር ቆመው መጠጥ የሚያቀብሉትን ነበር። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከልጅቷ ጎን ጥቂት እርምጃ ሮጦ፣ ጠርሙሱን ሳያዘገያት እጇ ውስጥ አስገባላት። ጥሩ አድርጎ ሰጠ። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልሰማሁም።

ወጣትነት ሲነሣ ሰው የራሱን ያወራል። የእኔ ብዙ የሚወራ የለውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌ ሞተብኝ። ይህ የምጽፈው የልጄ የትርሲት ወጣትነት ነው። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህዎቹ ውስጥ ነበር፤ እኔም ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ጉልበቴ ገና ያልከዳኝ ሴት ነበርኩ።

ትርሲት ሚኒሶታ የመጣችው በአራት ዓመቷ ነው። በረዶውን ከእኔ ቀድማ ለመደችው። ሃይስኩል ስትገባ የበረዶ ሸርተቴው፣ የስኪው ቡድን ውስጥ ልመዝገብ አለችኝ፤ ጫማውንም፣ ስኪውንም፣ ሁለቱን ዱላዎችም ትምህርት ቤቱ ያውሳል ሲባል አልተቃወምኩም። ያገሬ ሰው ግን አልተወኝም። በተለይ ሌክ ስትሪት ላይ ትንሽ የልብስ ሱቅ ያላት የወሎዋ ጓደኛዬ ዘሃራ፣ "የሰው ልጅ በእግሩ ሮጦ ዓለምን ይቀድማል፤ ያንቺዋ እግሯ ላይ ሳንቃ አስራ ትንፏቀቃለች" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትርሲት በእንግሊዝኛ ትመልስላታለች። ዘሃራም ወደ እኔ ዞራ፣ "ሰደበችኝ?" ብላ ትጠይቃለች።

እየቆየ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ትርሲት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች በሚወዳደሩበት ሻምፒዮና ላይ ለሴቶቹ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተመረጠች። ውድድሩ በዚያ ዓመት የተደረገው እዚሁ፣ ከከተማው ዳር ያለ ፓርክ ውስጥ ነው። አሠልጣኟ ቁርጡን ነግሯት ነበር። እስከ ሃያ አምስተኛ ከገባች በሚቀጥለው የብርድ ወራት ከቡድኑ ጋር ውጭ አገር ሄዳ ትሠለጥናለች፤ ካልገባች በዚሁ ያበቃል። ይህን ለእኔ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የማቀዝቀዣው በር ላይ ግን በትልቁ 25 ብላ የጻፈችበት ወረቀት ለሁለት ወር ተለጥፎ ቆየ። ወተት ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

መንገዱ አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። በየቦታው ቆሞ ለልጆቹ ጣፋጭ መጠጥ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ ርቆ ላለው ኮረብታ ሰው ሲጠፋ፣ አሠልጣኙ እኔን አሰበ። ትርሲት ደስ እንዳላላት ከፊቷ አይቻለሁ፤ ግን እምቢ አላለችም።

ልምምዱን ያደረግነው በአፓርታማችን ኮሪደር ላይ ነው። እሷ በካልሲ እየተንሸራተተች ትመጣለች፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ የፕላስቲክ ኩባያ እዘረጋለሁ። ትእዛዙ አጭር ነበር። ኩባያውን ከአፉ በጣት ጫፍ መያዝ፣ እንደጨበጠችው ወዲያው መልቀቅ፣ ግማሽ ብቻ መቅዳት።

እኔ ግማሹ አልዋጥ አለኝ። እናቴ ቤት ጎዶሎ ብርጭቆ ለሰው ሲቀርብ አላየሁም። ሰው ቢያፍር እንኳ፣ "ይብቃኝ" እያለ እጁን እየከለከለ፣ እስከ አፍ ነው የሚቀዳለት። ጎዶሎ መስጠት ሂድልኝ እንደማለት ነው።

"ግማሽ ለሰው አይሰጥም" አልኳት።

"እማ፣ እኔ እንግዳሽ አይደለሁም፤ እየሮጥኩ ነው የምመጣው" አለችኝ በአማርኛ። ትርሲት በአማርኛ ስትመልስልኝ ነገሩ ብርቱ ነው ማለት ነው። ምንጣፉ እስኪርስ ተለማመድን፤ በመጨረሻ እሺ አልኩ።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ፍሪድሊ ከተማ በምሠራበት ፋብሪካ ከአንዲት ልጅ ጋር ሺፍት ተቀያየርኩ። በበረዶ ሃይዌይ ላይ መንዳት ስለምፈራ ዘሃራ በቫኗ ወሰደችኝ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና፣ እሷ በሌላ ሃይማኖት ሆና እያለች ማለዳ ተነሥታ የምስር ሳንቡሳ ጠብሳልኛለች። "ዘይቱ ሥጋ ያልነካው አዲስ ነው፤ ወላሂ ጾምሽን አላስፈታሽም" አለችኝ። ሳንቡሳው የተጠቀለለበትን ፎይል ጭኔ ላይ አድርጌ እጄን ሳሞቅበት ሄድን።

በዚያ ዓመት በረዶው ጥቂት ነበር። የውድድሩ መንገድ በረዶ ማሽን የረጨው ነው፤ ነጭ መቀነት መስሎ በደረቀ ቡናማ ሣር መሀል ይጠማዘዛል። ኮረብታው ላይ ጥድ ጥድ ይሸታል። ብርዱ ከጫማ ሥር ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ ጣት ያማል፣ ከዚያ ጣት እንዳለህም ትረሳለህ። በመንገዱ ዳር የየአገሩ ቡድን ሠራተኞች ጠርሙሳቸውን ደርድረው ቆመዋል። እኔ አሠልጣኙ የሰጠኝን ትንሽ ፔርሙዝ ይዣለሁ። ልኩን ነግሮኛል፤ አራት ግማሽ ኩባያ ይይዛል፤ ሦስቱ ለሦስቱ ዙር፣ አንዱ ቢደፋ መጠባበቂያ።

በመጀመሪያው ዙር ሴቶቹ ተጨናንቀው መጡ። የዱላው ድምፅ ብቻ፤ ማንም አይናገርም። ትርሲት ሰማያዊ ኮፍያዋን አድርጋ ከመሀል ብቅ ስትል ልቤ ደንግጦ ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም፣ እጄ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላው። ስትጨብጠው ገሚሱ ጓንቷ ላይ፣ ገሚሱ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። አንድ ጉንጭ ደረሳት።

"ማም! ሃፍ!" ብላ አለፈች።

"ምን አለች?" አለች ዘሃራ።

"ግማሽ" አልኩ።

"ታዲያ ምን አስሞላሽ?"

መጠባበቂያው በዚያው አለቀ። በሁለተኛው ዙር እጄ እያፈረ ግማሽ ቀዳሁ፤ ያለ ችግር ጠጥታው ሄደች። ከዳር ያለ ሰው ሃያ ሁለተኛ መሆኗን ቆጥሮ ነገረን። ዘሃራ ክንዴን ጨብጣ "አልሐምዱሊላህ" አለች። እኔ ደስታዬን ለሦስተኛው ዙር አስቀመጥኩት።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሌላ ልጅ መናገር አለብኝ። ቀይ የለበሰች፣ ቀጭን፣ ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ነበር። ባንዲራዋን አላወቅሁትም። በመጀመሪያው ዙር ሽቅብ ስትወጣ ለቆሙት ሁሉ እጇን ዘረጋች፤ ሁሉም በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠርሙሱ ለየራሳቸው ልጅ ነው። በሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ዘሃራ፣ "ይቺ ልጅ ሰው የላትም" አለች። እኔም አይቻለሁ። አገሯ ትንሽ ይሆናል፣ ሠራተኞቻቸው ጥቂት ይሆናሉ፣ ለዚያ ኮረብታ ሰው አልተረፋቸው ይሆናል።

ሦስተኛውን ዙር ስንጠብቅ የመጨረሻውን ግማሽ ኩባያ ቀዳሁ። ፔርሙዙን ገልብጬ አራገፍኩት። ሴቶቹ አሁን ተበታትነው፣ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚወጡት። ሠላሳ አንድ መጣች። ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ ጋግሯል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ዱላዋን መሬት ላይ ስትተክል ክንዷ ይንቀጠቀጣል። ለሌሎቹ እጇን አልዘረጋችም፤ ተስፋ ቆርጣለች። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ኩባያውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ተናገረች። ቋንቋውን አላውቀውም። ውሃ የሚለምን ሰው ቃል ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሰጠኋት። በደንብ ነበር የሰጠኋት፤ በጣት ጫፍ፣ ከጎኗ ሁለት እርምጃ ሄጄ፣ ጠብታ ሳይፈስ። ጨልጣው አንገቷን ሰበር አድርጋልኝ አለፈች።

ትርሲት ከሃያ እርምጃ በኋላ ደረሰች። እጇን ዘረጋች። እኔ ባዶ ፔርሙዝ ይዤ ቆሜያለሁ። ዘሃራ ጨንቋት፣ ሌላ የምትሰጠው ብታጣ፣ ሳንቡሳ ዘረጋችላት። የቆሙት ፈረንጆች ሳቁ። ልጄ ሳንቡሳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እጇን መልሳ ዱላዋን ያዘች።

ሃያ ስምንተኛ ገባች። ሠላሳ አንድ ሃያ አራተኛ ሆነች። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ኩባያ ሦስት ሰው አያስቀድምም አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ መጨረሻው አቀበት ላይ ክንዷ እንደከዳት፣ ሰውነቷ ባዶ እንደሆነ ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁት። የቱን ልመን? እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ስንመለስ ትርሲት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ዘሃራ ሬዲዮ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ሃይዌይ ከገባን በኋላ ልጄ በአማርኛ ተናገረች።

"ያቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?"

"አላውቃትም።"

"ስትሰጫት እኔ ስመጣ አይተሽኝ ነበር?"

"አላየሁሽም" አልኩ።

አይቻት ነበር። ሰማያዊው ኮፍያ ከጥዶቹ ሥር ብቅ ሲል፣ ኩባያው ገና እጄ ላይ ነበር። ልጄ እየመጣች መሆኑን፣ ሌላ ጠብታ እንደሌለኝ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር፣ ሁሉንም አውቄ ነው የሰጠሁት። ይህን መኪናው ውስጥ መናገር አቃተኝ። ዘሃራ በጎን አየችኝ፤ እሷም አውቃ ይሆናል። እንደ ልማዷ አልቀለደችም።

ትርሲት አመነችኝ። ማመን ብቻ ሳይሆን አዘነችልኝ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል ብላ ለጓደኞቿ ነገረች፤ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌክ ስትሪት የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። አያስፈልግም ብዬ ተከራከርኩ። "ለመንዳትም ጥሩ አይደለም" አለች። ውሸቴ አፌን ስለያዘው ሄድኩ።

ሐኪሙ ሳቂታ ወጣት ነበር። ከግድግዳው ላይ ፊደል እያሳየ አስነበበኝ። አላየሁም ብዬ ማለፍ እንደምችል ያሰብኩት እስከ መጨረሻው መሥመር ካነበብኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ አጨበጨበ፤ ከዚያም ለትርሲት አንድ ነገር ነግሮ እንድትተረጉምልኝ ጠበቀ። እንግሊዝኛው ገብቶኛል። እሷም እንደገባኝ ታውቃለች። ግን ሰውየው እየጠበቀ ነበርና ተረጎመች።

"ሩቅ በደንብ ታያለሽ ይላል። ከብዙ ወጣት ይበልጥ። የሚያስፈልግሽ የማንበቢያ መነጽር ብቻ ነው።"

ድምጿ አልተለወጠም። መነጽሩን መረጠችልኝ፣ ኮቴን ያዘችልኝ፣ በሩን ከፈተችልኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ ቢመጣ፣ እኔም እናገር ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ስኪውን ተወችው። ነርሲንግ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች፤ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። በየእሑዱ ትጠይቀኛለች፤ ምንም አላጎደለችብኝም። ስለዚያ ኮረብታ ግን አንስተን አናውቅም። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይቅርታ አለመጠየቄ አይደለም። ይቅርታ የምጠይቅበት ልብ አላገኘሁም፤ ያቺ ልጅ ነገ እንደዚያ ሆና ብትመጣ፣ መልሼ የምሰጣት ይመስለኛል። እናት ለልጇ ታደላለች ይባላል፣ እውነትም ነው፤ እኔም ከዚያች ቀን በቀር ለሌላ አድልቼ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የሰጠሁትን ሰጠሁ ማለት ይገባኝ ነበር። "አይቼሽ ነው፤ እሷ ማንም አልነበራትም፤ አንቺ ግን እኔ አለሁሽ" ማለት። በዚያች ቀን ቢባል ልጄ ትቆጣ ነበር፣ ትጮህ ነበር፣ ከዚያ ያልፍ ነበር። በአንዲት ቃል ሁለታችንንም ዝም አሰኘሁ።

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ የወሰደችኝ ትርሲት ነች። መኪና ውስጥ፣ "ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ…" ብዬ ጀመርኩ።

"እማ፣ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ልንዳ" አለችኝ በአማርኛ።

እውነቷን ነው፣ ያንሸራትት ነበር። እሑድ ስትመጣ ከመቀመጧ በፊት እናገራለሁ ብዬ ነበር። እሑድ ልጆቿን ይዛ መጣች።