ሦስቱና አንዷ

ታላቅ እህቴ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነበረች። እኔ አምቦ ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። ታናሽ ወንድማችን እዚያው እህቴ ያለችበት አካባቢ ያርሳል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ስትል ምጡ ጠናባትና ደም ይፈሳት ጀመር። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እህቴ ዘንድ አደረሷት። እህቴም አይታት በጤና ጣቢያው አቅም እንደማይሆን፣ አምቦ ሄዳ በቀዶ ጥገና መውለድ እንዳለባት ነገረቻቸው።

የነበረው አንድ አምቡላንስ ነው። ቃሬዛው በሩ ላይ ሲደርስ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ግቢ ገባ። ከጊንጪ ወዲህ ሚኒባስ ተገልብጦ ሦስት ቁስለኞች ጭኗል። ሦስቱም ቶሎ ካልደረሱ የሚተርፉ አይመስሉም። ሁለቱ ተኝተው አንዱ ተደግፎ አምቡላንሱን ይሞሉታል፤ ለወንድሜ ሚስት ቦታ አይኖርም። መንገዱ ያኔ ገና እየተሠራ ስለነበር የጭነት መኪና በኮረቱ ላይ እየተንፏቀቀ ነበር የሚሄደው።

እህቴ የአራቱንም የልብ ምት ተራ በተራ ለካች። ከዚያ ቁስለኞቹን አምቡላንስ ውስጥ አስገባቻቸው። የወንድሜን ሚስት አይሱዙው ላይ ፍራሽ አስነጥፋ አስተኛቻትና ራሷም አብራት ወጣች።

ወንድሜ የመኪናውን ጎን ይዞ፣ "ማሊፍ? የኛዋ እያለች ለምን?" አላት።

"እነሱ ሦስት ናቸው" አለችው።

የወንድሜ ሚስት አምቦ ሳትደርስ እህቴ ጭን ላይ አረፈች። ልጁም አልተረፈም። ሦስቱ ቁስለኞች ዳኑ።

ለቅሶው ላይ እህትና ወንድም በድንኳኑ ሁለት ጥግ ተቀመጡ። በአርባዋም እንደዚያው ተቀምጠው ሳለ፣ ከሦስቱ ቁስለኞች አንዱ፣ ክንዱ በጄሶ የታሰረ ጎልማሳ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። ነርሷ ሐዘን ላይ ናት ሲሉት ሊያጽናናት ነው የመጣው፤ የሞተችው ማን እንደሆነች አልነገሩትም። እህቴ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ከለከለችው። ልጆቹን እያሳየ፣ እሷ ባትኖር እነዚህ ያለ አባት ይቀሩ እንደነበር ጮክ ብሎ ተናገረ።

ወንድሜ ተነሣ። ሊመታው ነው ብዬ እኔም ተነሣሁ። እሱ ግን የእጅ ማስታጠቢያውን አንሥቶ ሰውየው ፊት ቆመ።

"ጋሼ፣ ይታጠቡ" አለው። "የሞተችው የኔ ሚስት ናት። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

ሰውየው ደህናውን እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ምግቡ ሲቀርብ የበሉት ልጆቹ ብቻ ናቸው።

በዚያው ዓመት ክፍል ውስጥ ዩቲሊታሪያኒዝም ስለሚባለው የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ማስተማር ነበረብኝ። አንድ ድርጊት ትክክል መሆኑ የሚለካው በሚያስከትለው ውጤት ነው፤ ለብዙ ሰው የበለጠ ደኅንነትና ያነሰ ስቃይ የሚያመጣውን መምረጥ ይገባል፤ በዚህም ጊዜ የማንም ሕይወት ከማንም አይበልጥም፣ አልኳቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የምትጎዳው ዘመዴ ብትሆንስ?"

አስተሳሰቡ ዘመድና ባዳ ብሎ እንደማይለይ መለስኩላት። አልተዋጠላትም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ለእኔም ከጉሮሮዬ አልወረደልኝም።

ይህን ለእህቴ ነገርኳት። "ትክክል ነበርኩ" አለችኝ። "ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የማደርገው። ግን እጇ እጄ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ትክክል መሆኔ ምንም አልረዳኝም።"

ወንድሜ ከዓመታት በኋላ ሌላ አገባ። ሰርጉ ላይ እህቴን አልጠራትም። አዲሷ ሚስቱ ስታረግዝ፣ ቀኗ ሳይደርስ አምቦ አምጥቶ እኔ ቤት አስቀመጣት። እህቴ እየደወለች እብጠት አላት ወይ፣ ራሷን ያማታል ወይ እያለች ትጠይቀኛለች፤ አንድም ቀን ግን ብቅ አላለችም። ልጅቷ በሰላም ስትወለድ የሕፃን ልብስ ገዝታ በእኔ እጅ ላከች። ወንድሜ ከማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተቀበለኝና ሳጥን ውስጥ ከተተው። ልጅቷ ስትለብሰው ግን አላየሁም።