የአክስቴ የባሕር ዛፍ ድፍድፍ

ሥራዬ የባሕር ዛፍ ዘይት ማሽተትና መለካት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ራቤል ካሉ ዘይት አውጪዎች ለናሙና የመጣች አንዲት ጠርሙስ ስከፍት ግን መለኪያውን መንካት እንኳ አላስፈለገኝም። ከዘይቱ ሽታ ሥር ኮምጠጥ ያለ፣ አተላ አተላ የሚል ነገር ብቅ አለና ሳላስበው ካደግሁበት ቀየት፣ ከአክስቴ አስካለ ጓሮ አደረሰኝ።

አክስቴ በቀየት ገበያ በአረቄዋ የታወቀች፣ ጾም የማትገድፍ ሴት ነበረች፤ ሁለቱ እንዴት እንደተስማሙላት እንጃ፣ ለንስሐ አባቷም አልገባቸውም። ባሏ ጋሽ በዛብህ በዕድሜ በጣም ይበልጧት ነበርና ደረታቸውን ማፈን ሲጀምራቸው፣ ሞት ሳይቀድማቸው አብረው ለመቍረብ ቆረጡ። ቄሱ ግን «አስካለ፣ የሰው ትዳር የሚያፈርስ ነገር እያወጣሽ አላቆርብሽም» ብለው ቁርጡን ነገሯት። እሷ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

በዚያው በጋ አንድ ነጋዴ የባሕር ዛፍ ዘይት እንደሚፈልግ፣ መጀመሪያ ግን ናሙና አይቶ እንደሚወስን ተሰማ። አክስቴ ማሰሮውም መቃውም ነበራት፣ ቅጠሉም ደጇ ላይ ነው፤ ያውም ካረጁ ዛፎች የወረደ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ የበጋው አየር ዘይቱን ያጠነከረው ቅጠል፣ ዛሬ እጄ ቢገባ የምደሰትበት ዓይነት።

«ያልተብላላ ነገር ምን ይወጣዋል?» አለችና ቅጠሉን እንደ አረቄ ድፍድፍ ውሃ አጠጥታ ጋን ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ አፉን በእበት መርጌ የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ በሥራዬም ኮርቼ ነበር። በስምንተኛው ቀን ማሰሮው ውስጥ ተገልብጦ እሳት ሲነድበት፣ በመቃው የወረደው ውሃ ላይ ቢጫ ዘይት ተንሳፈፈ። ጋሽ በዛብህ አሽትተው ሦስቴ አነጠሱና ደረቴ ተከፈተ አሉ። አክስቴም ናሙናውን ለነጋዴው ላከችና በደስታ የቀረውን አረቄዋን ደፋች፣ ደንበኞቿን መለሰች፣ ለፋሲካ ለመቍረብ ከቄሱ ጋር ተስማማች።

ሁዳዴ አጋማሽ ላይ በአንድ ሾፌር እጅ ከነጋዴው ቁራጭ ወረቀት መጣ። ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ፤ «አይሆንም» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ምን ጎደለው ብላ ገና አምስተኛ ክፍል የነበርኩትን እኔን ጠየቀችኝ። ቅጠሉን ጠረጠረች፣ ውሃውን ጠረጠረች፣ የሰው ዓይንም ጠረጠረች፤ ማብላላቱን ግን አልጠረጠረችም፣ ከሁሉ አሳምራ የሠራችው እሱን ነበርና። ከፋሲካ በፊት ጋኑ ውስጥ የአረቄ ድፍድፍ ተመልሶ ገባ። ጋሽ በዛብህ በክረምቱ ሳይቆርቡ ሞቱ፤ እሷም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፣ ስለ ዘይት ግን አንድም ቀን አላነሳችም።

የራቤሉን ጠርሙስ ከደንኩና ቅጹ ላይ «ውድቅ» በሚለው ሣጥን ምልክት አደረግሁ፤ ቅጹ ምክንያት መጻፊያ ቦታ የለውም። ገልብጬ ጀርባው ላይ «ቅጠላችሁ ጥሩ ነው። አታብላሉት፣ እርጥቡን አትከምሩት፣ ጥላ ሥር አጠውልጋችሁ ሳይቆይ አውጡት» ብዬ ጻፍኩ። ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።