የቀኝ ባታችን ሕመም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የአያቴ ነገር ግን ዝም አላሰኘኝም። ሰው «አመመኝ» ሲላቸው መልሳቸው «እስቲ ተራመድና ልይህ» ነበር።

ማርቆስ ከተማ ለሚደረገው የተማሪዎች ሩጫ ስንለማመድ እኔንና ጓደኞቼን ባታችንን ያመን ነበር። ስናርፍ ይተወናል፤ ስንሮጥ ይመለሳል። አስተማሪያችን ከውድድሩ ሊያስቀሩን ሆነ። አያቴ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ጉብታ እንደ ልማዳችን ታቦት በሚዞርበት አቅጣጫ ስንዞር አዩን።

«ሁላችሁንም ቀኝ እግራችሁን ነው አይደል?»

«አዎ፣ አባባ!»

«ሁልጊዜ በቁልቁለቱ በኩል የሚረግጠው እሱ ነዋ! ታቦት አልተሸከማችሁ፤ አንዳንዴ በተቃራኒውም ዙሩ እንጂ!»

እየሳቅን ዞርን። ሰንበትበት ሲል ሕመሙ ለቀቀን! በውድድሩ አንደኛ ወጥቼ እየበረርኩ ስመለስ ግን አያቴ በሕይወት አልቆዩኝም፤ ድንጋዩም ባዶ ነው። ወደ ውድድሩ ስሄድ ስሰናበታቸው፣ ታመው ከተኙበት አልጋ ቀና ብለው ያሉኝ ያንኑ የለመዱትን ነበር፦

«እስቲ ሩጪና ልይሽ።»