አያቴ በመዳፋቸው የፈተኑት ዓይን

አያቴ ግምጃ ቤት በሚባል አገር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ከተገፈፈላቸው በኋላ ጠዋት ጠዋት ደጅ ይቆሙና ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው የማዶውን ቤቶች ይቆጥሩ ነበር። ከቀን ወደ ቀን ቁጥሩ ጨምሮ አምስት ደርሶ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ሳይቆጥሩ መዳፋቸውን አወረዱ። የታከመው ዓይናቸው ቀልቶ እንባ ያፈስ ነበር።

“ቀዶ ሕክምና ነው፣ ማመሙ አይቀርም፤ ይታገሡ እንጂ” አሉ ጎረቤቶች።

“ሕመሙንስ እችለዋለሁ። ትናንት አምስት ቤት አይቻለሁ፤ ዛሬ አንድም የለም። ተነሽ ልጄ፣ እንሂድ” አሉኝ።

በጋሪም በሚኒባስም ብለን ቀዶ ሕክምናውን የሠራችላቸው ሐኪም ዘንድ ደረስን።

“አባቴ፣ ዓይንዎ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል። እንኳን ዛሬውኑ መጡ፤ ቢያድሩ ኖሮ ዓይኑን ልናጣው እንችል ነበር” አለቻቸው። ወዲያው ዓይናቸውን አደንዝዛ መድኃኒት እዚያው ውስጡ ወጋቻቸው። እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙ።

ከሳምንታት በኋላ እንደገና ደጅ ቆመው ቆጠሩ። “ስድስት! ማነው ደግሞ አዲስ ቤት የሠራው?” ብለው ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑን የታከመ ሰው ከሰሙ ቤቱ ድረስ ይሄዱ ነበር። “ጠዋት ጠዋት ያልታከመውን ዓይንህን ሸፍነህ እይ። እይታህ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሂድ” ይሉት ነበር።

አያቴ አርፈው አሁን ያ ይቆሙበት የነበረው ደጅ ባዶ ነው። በለቅሷቸው ቀን አንዲት አሮጊት የሚመራቸው ሰው ሳይዙ ብቻቸውን መጡ። “እኔንም ከታከምኩ በኋላ እይታዬ ሲቀንስ ተቆጥተው ወደ ሐኪም የመለሱኝ እሳቸው ናቸው” አሉ። ከዚያ የአያቴን ፎቶ ከበሩ ላይ ሆነው ለዩትና በዳነው ዓይናቸው አለቀሱላቸው።