ነፋሱን ልንጠራ ነው

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ በከተማችን ላይኛ ሰፈር በሴቻ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከደጋው ከጨንቻ የወረደ፣ የገብስ ጭድ ከአናቱ በላይ የቆለለ የጭነት መኪና በአጠገቤ አለፈና ገለባውን ፊቴ ላይ በተነብኝ። አብረውኝ የቆሙት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ሾፌሩን ሲራገሙ እኔ ግን አፌን ከፍቼ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ፤ ያ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ፀሐይ ፀሐይ የሚል የአውድማ ሽታ ከመንገዱ ላይ አንስቶ ወደ ልጅነቴ ወስዶኝ ነበርና። ወዲያው ደግሞ የአያቴን ፉጨት የሰማሁ መሰለኝ። ነፋስ የሚጠሩበት ፉጨት ነበር።

ያኔ የምንኖረው ከከተማው በታች፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው መንገድ አጠገብ ነበር። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን ያስተምር ነበር። በቤታችን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሕግ ነበረ፤ በአባያ ላይ ጠዋቱ የሰው ነው፣ ከሰዓቱ የነፋስ። ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ጡት ጠግቦ እንደ ተኛ ሕፃን ዝም ስለሚል፣ አባቴና ጓደኛው ጀልባቸውን ገፍተው ይወጡ፣ መረባቸውን ሰብስበው ቆሮሶና አምባዛ ዓሣቸውን ይዘው ፀሐይ አናት ሳትደርስ ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሳና ቡናማው ውሃ ላይ ነጭ ነጭ አረፋ መሰለፍ ይጀምራል። ይህን ጊዜ አባቴ፣ «ሐይቁ ጥርሱን አወጣ፣» ይል ነበር።

ሐይቁ ጥርሱን ሲያወጣ የእኔ ደስታ ይጀምራል፤ አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የተቀደደ መረብ እየጠገነ ስለ ነፋስ የሚነግረኝ ያኔ ነበርና። ብሉይ ኪዳንን በነፋሱ በኩል ነው ያነበበው ብል አላጋነንኩም። እግዚአብሔር ሌሊቱን ሙሉ የምሥራቅ ነፋስ አንፍሶ ባሕሩን ለሁለት እንደ ከፈለው፣ አንበጣውን በአንድ ነፋስ አምጥቶ በሌላ ነፋስ ጠርጎ እንደ ወሰደው፣ ከፊቱ በሸሸው በዮናስ ላይ ደግሞ ታላቅ ነፋስ እንደ ላከበት ሲነግረኝ፣ መርፌው አየር ላይ ቆሞ ይቀርና እጁ ራሱ ማዕበል ይሆን ነበር። ዮናስ ላይ ሲደርስማ መረቡን ጥሎ ይነሳል። «መቅዘፊያው አልያዘም፣ ዕቃው ወደ ባሕር ተጥሏል፣ መርከቧ ልትሰበር ነው!» ሲል፣ እኔ የማንጎውን ግንድ ጥርቅም አድርጌ እይዝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን እግዚአብሔር ነፋስን ከማከማቻው ያወጣል የሚለው ነበር። ያ ማከማቻ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ሙዝ የሚጫንበትን ትልቁን የቆርቆሮ መጋዘን ይመስል ነበር፤ ነፋሶቹም በየጆንያቸው ታስረው፣ ውስጥ ውስጡን እያጉረመረሙ፣ ተደርድረው ይታዩኝ ነበር።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«እሱ ጋ ብቻ ነው፣» አለኝ አባቴ፣ ፊቱ ላይ ሳቅ ሳይታይ። «ለማንም አያውስም።»

ዝናቡ በሚገባበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነፋሱ ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር። የጎረቤታችንን ሙዝ ከነዘለላው ያጋድማል፣ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ምስማሩ ላይ ያስጨፍራል፣ እናቴም ባልዲና የታጠበ ልብስ እያሳደደች ግቢውን ትዞራለች። እኔ እንደ ሌሎች ልጆች አልጋ ሥር አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሜ «ጨምር! ጨምር!» እል ነበር። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ወደ ውስጥ ስትጎትተኝ አባቴ ኤልያስን ያመጣብኛል። ተራራ የሚሰነጥቅ ነፋስ አለፈ፣ እግዚአብሔር ግን በነፋሱ ውስጥ አልነበረም፤ በኋላ በመጣው በትንሹ፣ ዝም ባለው ድምፅ ነው የተናገረው። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ታሪክ ደስ አይለኝም ነበር። ተራራ ሲሰነጠቅ ካየሁ በኋላ ሹክሹክታ ምን ያደርግልኛል?

ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ወደ ጨንቻ፣ ወደ አባቴ አባት ቤት እላክ ነበር። መኪናው ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ይቀራል፣ ሙዙ በእንሰት ይተካል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የቀርከሃ ቤቶች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። አያቴ ቁመታቸው አጭር፣ ሳቃቸው ረጅም ሰው ነበሩ። ልጃቸው ደጋውን ትቶ ወደ ወባና አዞ አገር መውረዱ ፈጽሞ አልተዋጠላቸውም። «የጨንቻ ሰው ውሃ ይጠጣል እንጂ ውሃ ላይ አይሄድም!» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከአውድማው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ቁልቁል ሰማያዊውን ጫሞንና ቡናማውን አባያን ሳያዩ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛቸው ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁላችንም «አንተ» ነበርን።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ነፋስ ጠፋ። ገብሱ ተወቅቶ አውድማው መሐል ተቆልሏል፣ ለደቦ የመጡት ጎረቤቶች መንሻቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ የአክስቴ ቆጮ በሚያቃጥለው ዳጣ እየተበላ ያልቃል፣ ነፋስ ግን የለም። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ገብስና ገለባ አይለያዩም። በሌላ ዓመት ቢሆን ከሰዓቱን መጠበቅ ይቻል ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ከሰዓቱም ከንቱ ሆኖ ከረመ፣ በዚያ ላይ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ከጀርባችን ተራራው ላይ መቆለል ጀመረ። ዝናብ ቢመታው የቤቱ የዓመት ቀለብ አውድማው ላይ ሊበቅል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ገና በጠዋቱ አያቴ ፉጨታቸውን ለቀቁት፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ረጅም ፉጨት ነው። ሽማግሌዎቹም እየተቀባበሉ አፏጩ። አንድ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

«ምሕረት፣ ና!» አሉኝ አያቴ። «አባትህ የነፋስን ነገር ሁሉ አስተምሮሃል አይደል? እስቲ አንተ ጥራ!»

ድንጋዩ ላይ ወጣሁና፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል የደረቀ አጥንት በሞላበት ሸለቆ ቆሞ ነፋስን ከአራቱም ማዕዘን እንደ ጠራ፣ አጥንቶቹም ነፍስ ዘርተው እንደ ሠራዊት በእግራቸው እንደ ቆሙ፣ እንደ አባቴ እጄን እያወናጨፍኩ ነገርኳቸው። ጥሪው ላይ ስደርስ ግን ማውራቱን ትቼ ራሴ ጠራሁ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጮህኩ፣ ወደ ምዕራብ ዞሬ ጮህኩ፣ ሰሜኑና ደቡቡ የትኛው የት እንደሆነ ስላላወቅሁ ደግሞ ዝም ብዬ እየተሽከረከርኩ ጮህኩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ና! ና!» እያሉ ተቀበሉኝ።

መጀመሪያ የአንድ እንሰት ቅጠል ጫፉን አነሳ። ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ጓሮው ሁሉ። ከዚያ መጣ! ከተራራው ላይ ቁልቁል እየተንደረደረ መጣ፣ የአያቴን ጋቢ ከትከሻቸው ገፈፈ፣ የሴቶቹን ሻሽ አወለቀ፣ ሰዉም «ዮ! ዮ!» እያለ ነፋሱን እየተቀበለ በመንሽ ገብሱን ወደ ሰማይ ይወረውር ጀመር። ፍሬው እግራችን ሥር እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ገለባው በወርቅማ ደመና ተጠቅልሎ ወደ ገደሉ ይሄዳል፣ እኔ በመሐሉ አፌም ፀጉሬም ገለባ ሞልቶ እጨፍራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም። አያቴ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ሰቀሉኝና፣ «ነቢይ! ቤቴ ነቢይ አለ!» እያሉ አውድማውን ዞሩ።

ከትከሻቸው ላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁ። አባያ ጥርሱን አውጥቷል። ገና ጠዋት ነበር። ጠዋቱ የሰው ነው፣ አባቴም ውሃው ላይ ነው።

«መልሰው!» ብዬ ወደ ሰማይ ጮህኩ። «ነፋሱን መልሰው! አባዬ ሐይቁ ላይ ነው!» መጀመሪያ ሁሉም የደስታ ጩኸት መስሏቸው ሳቁ። አያቴ ግን ጣቴ ወዳመለከተበት ዞረው አዩ። አወረዱኝና በመንደሩ ካሉት ጥቂት ስልኮች አንዱ የሆነውን ስልካቸውን አውጥተው አባቴ ጋ ደወሉ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አልቻሉም አለች የስልኩ ሴትዮ። ደግመው ደወሉ፣ እሷም ደገመችው። እናቴ ጋ ሲደውሉ የሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ሚስቶች ሐይቁ ዳር እየተሰበሰቡ መሆኑን፣ የአባቴ ጀልባ ግን አለመመለሱን ነገረቻቸው።

ሰዉ መንሹን ይዞ ቆመ። ግማሹ ገብስ ገና ከገለባው አልተለየም፣ ደመናውም እየቀረበ ነው፣ የለመኑትም ነፋስ ያውና ይነፍሳል። አያቴ አውድማው መሐል፣ በገብሱ ላይ ተንበረከኩ፤ ጸሎታቸው እንደ ወትሮው ረጅም ይሆናል ብዬ ነበር።

«ጌታ ሆይ፣ ገብሱ ይቅር፣» አሉ። «ልጄን።» አሜን ሳይሉ ተነስተው ወደ ድንጋዩ ሄዱ።

ነፋሱ ግን አልቆመም፤ እስኪመሽ ነፈሰ። አክስቴና ጎረቤቶቹ እያለቀሱ ገብሱን አዝርተው ጨረሱት፣ ደመናውንም ያው ነፋስ ገፍቶ ወሰደው፣ አያቴ ግን ከድንጋዩ ላይ አልወረዱም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ፣ መጋዘኑን ዝጋው፣ እባክህ መጋዘኑን ዝጋው እያልኩ ለመንኩ። ደስ የሚለኝ ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ የዮናስ ማዕበል፣ ሰው ያለበት ጀልባ ላይ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ፈራሁ፣ እስከ አጥንቴ ፈራሁ። ያን የማልወደውን ትንሽ ድምፅ ባገኘው ብዬ የተመኘሁትም ያኔ ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። አክስቴ ከአያቴ ቀድማ አነሳችውና ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«ምሕረት፣» አለ አባቴ።

የማለቅሰውን አልቅሼ ስጨርስ የሆነውን ነገረኝ። መረባቸውን ሳይሰበስቡ ነፋሱ ስለደረሰባቸው ቆርጠው ጥለውት፣ መታገሉ እንደማያዋጣ ሲያዩ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ እያፈሰሱ እሱ ወደወሰዳቸው ሄዱ። አመሻሹ ላይ ማዶ ካለው ዳርቻ አወጣቸው። እዚያ የማያውቋቸው ከብት አርቢዎች ወተት አጠጥተው፣ እሳት ዳር አስተኟቸው፤ ሲነጋ አባቴና ጓደኛው ሐይቁን ተኝቶ አገኙትና እየቀዘፉ ተመለሱ።

«አባዬ፣ ነፋሱን የጠራሁት እኔ ነኝ፣» አልኩት።

«ወይ ጉድ!» አለና ሳቀ፤ ድምፁ በጩኸት ብዛት ተዘግቶ ነበር። «ቁልፉን ማን አዋሰሽ?» ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ነፋስ የጠሪው አይደለም ልጄ፣ የላኪው ነው። ለአባባ ገብሱን ከገለባ የለየላቸው፣ እኔን ማዶ ያደረሰኝ አንዱ ነፋስ ነው፤» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ግን ከእንግዲህ ከመጥራታችሁ በፊት ደውሉልኝ፣» አለ።

የቤተሰባችን ወግ የተጀመረው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ ገብሱ ተወቅቶ ሲቆለል፣ አያቴ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ይደውሉና፣ ስልኩ ያለ እሳቸው ጩኸት ሐይቁ ድረስ የማይደርስ ይመስል፣ «ነፋሱን ልንጠራ ነው! ከሐይቁ ውጣ!» ይሉ ነበር። አባቴም ገበያ ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ሽሮ እየበላም ቢሆን፣ «ወጥቻለሁ፣ ጥሩት!» ብሎ ይመልሳል። ይህን ሳይሰሙ አያቴ አያፏጩም፤ ደቦው ሁሉ በሳቅ እየፈረሰ ይጠብቃቸዋል።

አሁን አያቴ የሉም። ጨንቻ ያሉት የአጎቶቼ ልጆች ገብሱን በኪራይ ማሽን ይወቃሉ፤ ማሽኑ ነፋሱን ከሆዱ ያወጣል፣ ማንንም አይለምንም። አባቴም ጉልበቱን ስላመመው ጀልባውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ማንጎው ሥር ይውላል። የእኔ ስልክ የሳምንቱን ነፋስ ከነፍጥነቱና ከነአቅጣጫው አስቀድሞ ይነግረኛል፣ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ዛሬ ስንት ዓሣ አጥማጅ ይህን አይቶ ከውሃው ይወጣል። ብቻ አንድ ሰው ለሌላው የሚደውልበት ምክንያት ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት መኪናው ካለፈ በኋላ ቁልቁል አየሁ፤ ከሴቻ ሐይቁ ይታያል። ጥርሱን እያወጣ ነበር። ፀጉሬ ላይ የቀረውን ገለባ ሳላራግፍ ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ።

«አባዬ፣» አልኩት፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ፣ «ነፋሱን ልንጠራ ነው! ከሐይቁ ውጣ!»

ከጀርባው የማንጎው ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በትንሽ፣ ዝም ባለ ድምፅ መለሰልኝ።

«ወጥቻለሁ ልጄ። ጥሩት።»