ግማሽ ዜማ በቆርቆሮ ዋሽንት

ባሌ ስምዖን ዕድሜውን ሙሉ ከቡራዩ መርካቶ ሚኒባስ ሲነዳ ከክላክስ በቀር ያስጮኸው ነገር የለም። ልጃችን ሩሃማ ለጃለታ ስትታጭ ግን «በመልሷ ቀን ዋሽንት እነፋላታለሁ» ብሎ ተነሳ።

«ኧረ በማርያም! ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ይዘን የለም እንዴ? አማቾቻችን ፊት ልታዋርደን ነው?» አልኩት። መቼ ሊሰማኝ!

መጀመሪያ ከመርካቶ ያመጣው በቀይ ክር ያጌጠ፣ ክንዱን የሚያህል ሸምበቆ ነው። ሻጩ ለጀማሪ አጭር ይሻላል ቢለውም፣ ረጅሙ ለሰው ይታያል ብሎ ገዛው። ጣቶቹ ቀዳዳዎቹ ላይ አልደርስ አሉት፤ ትንፋሹም በጎን እያመለጠ ፉ... ፉ... ብቻ ሆነ። ሳቄ አላስቆም ሲለኝ ጓዳ ገባሁ። በማግስቱ እንዳኮረፈ ሄዶ በአጭር የቆርቆሮ ዋሽንት ለወጠው። ይሄኛው አፉ ላይ እንደ ፊሽካ ያለ ፕላስቲክ አለው፤ ገና ትንፋሽ ሲነካው ይጮኻል።

ትምህርቱን ከዩቲዩብ አገኘ። አንድ ሰውዬ አንድ የሰርግ ዜማ በሁለት ክፍል ያስተምራል። ስምዖን ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ክፍል አንድን ሲደጋግም ከረመ። እውነቴን ነው፣ ጆሮዬን በላው! ግን ቀስ በቀስ አማረበት፤ እኔም ሽንኩርት ስልጥ ሳላውቀው አብሬው አንጎራጉር ጀመር።

ክፍል ሁለትን ሊጀምር ሲል፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰፈራችን ደረሰ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሚኒባሱ ግቢ ቆመ፣ ዳታውም ጠፋ። ሰፈራችን ውስጥ ለተቃውሞ ወጥቶ ልጁ ያልተመለሰለት ቤት ስለነበረ ሰርጉንም መልሱንም ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በቀን፣ በትንሹ አደረግነው።

የመልሱ ቀን የጃለታ አባት ኦቦ ዱቤ ቤተሰባቸውን ይዘው በእግር መጡ። አርሰው የሚያድሩ፣ እዚሁ ቡራዩ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። የኪቦርዱ ልጅ ግን መንገድ ተዘግቶበት አዲስ አበባ ቀረ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሩሃማ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትነካካለች። የልጄ መልስ ለቅሶ ቤት መሰለ። ስምዖንን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«በል ንፋ!»

«ግማሹን ብቻ እኮ ነው የማውቀው።»

«ግማሹን ንፋ!»

ዋሽንቱን ከኪሱ አውጥቶ ነፋ። ልጃገረዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ልክ ሲደምቅ ዜማው አለቀበትና ቆመ። በላብ ተጠመቀ፤ እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ይሄኔ ኦቦ ዱቤ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ እሱ ካቆመበት የራሳቸውን የሰርግ ዘፈን በኦሮምኛ አወጡ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሲጨርሱ ወደ ስምዖን ዞረው «ኢቲ ፉፊ! ቀጥል እንጂ፣ ያንተ ተራ ነው!» አሉት። እሱ ያንኑ ግማሹን ሲነፋ፣ እሳቸው ሲዘፍኑ፣ ሩሃማ ተነስታ ጨፈረች። እኔም እልል ስል ድምፄ ተዘጋ።

ዳታው ሲመለስ ክፍል ሁለትን እኔው ራሴ ፈልጌ ከፈትኩለት። ስምዖን ስልኩን ዘጋና መልሶ ሰጠኝ።

«ተይው ውባንቺ፣» አለኝ፤ «እሱ የኦቦ ዱቤ ነው።»