በውሃ የመዘንኩት ድሪ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጠራው ስለማላውቅ ይመስለኛል። ሰረቅኩ እንዳልል አልሰረቅኩም። ዋሸሁ እንዳልል የተናገርኩትን ያኔ አምኜበት ነበር። ታዲያ ምንድን ነው ያደረግኩት?

በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ሌላ አነጋገር አላውቅበትም።

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ፒያሳ ከእናቴ ጋር፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰሞን ያልፈተንኩት ዕቃ አልነበረም። የእንጨትና የብረት ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ከትቼ የትኛው ቶሎ እንደሚግል አሳያለሁ፤ እንቁላል በጨው ውሃ አንሳፍፋለሁ። ግቢው ሁሉ “ቲቸር” ይለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ሙሉ አንድ የወርቅ ድሪ ነበራቸው፤ ድብልብል ፍሬዎች ያሉት የአንገት ጌጥ፣ ሟች ባለቤታቸው ያሠሩላቸው። ከግቢያችን የምትዳር ልጅ ሁሉ የሠርጓ ዕለት እሱን አጥልቃ ትወጣለች፤ ከመልሱ በኋላ ትመልሳለች። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ።

መጨረሻ የተዋሰችው ሰብለ ናት፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትነግድ፣ ምላሷ የሰላ፣ አብራኝ ያደገች ልጅ። ድሪውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መልሳ ሄደች። እኔ እዚያው እማማ ሙሉ ቤት ተቀምጬ ነበርና እጄን በላኝ።

“እማማ፣ ልፈትንልዎት?”

“ወርቅ እኮ ነው ልጄ! ተማሪህ መሰለህ እንዴ?” ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋሁ፤ አልሳበውም። ወርቅም በማግኔት አይሳብም። ቀጥሎ ሻካራ የሸክላ ስባሪ ላይ በቀስታ ጫር አደረግኩት፤ ቢጫ መስመር ጣለ። ወርቅም ቢጫ ይጥላል። ሦስተኛው ፈተና የምወደው ነው። ዕቃውን በሚዛን ትመዝናላችሁ፤ ከዚያ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ምን ያህል ውሃ እንደሚገፋ ታያላችሁ። ወርቅ ለክብደቱ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ስለሆነ የሚገፋው ውሃም ትንሽ ነው። ድሪው ግን ብዙ ገፋ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

ሁለቱ ፈተናዎች “ሊሆን ይችላል” ብለዋል። እኔ ቁጥር ያለውን አመንኩ። ለምን? ቁጥር ስለሆነ? ወይስ “ሊሆን ይችላል” ብሎ መናገር ማንንም ስለማያስደንቅ?

“እማማ፣ ይሄ ወርቅ አይደለም” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

እማማ ሙሉ ፈገግታቸው ጠፋ። “የባለቤቴ ድሪ ወርቅ ነበር” አሉ። መጨረሻ የተዋሰችው ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ሰብለ ቀይራዋለች የሚለው ወሬ ሳይመሽ ግቢውን አዳረሰ።

ሰብለም ሰምታ መጣች። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ግቢው መሃል ቆመች።

“ና እንጂ ቲቸር! እኔንም በክር አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ ንከረኝና ሌባ መሆኔን ለካ!”

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ “ሳይንሱ የሚለውን ነው የተናገርኩት” አልኳት። ከዚያ ወዲያ እማማ ሙሉ ድሪውን ለማንም አላዋሱም። ሰብለም ከግቢው ደጃፍ ወደ ውስጥ አላለፈችም፤ እናቷን እንኳ ውጭ ሆና ነበር የምታስጠራት።

ብዙም ሳይቆይ ክፍል ውስጥ ስለ መንሳፈፍ ሳስተምር፣ ክዳኑ የተገጠመ ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውሃ ላይ አስቀመጥኩ። ተንሳፈፈ።

“እና ብረት አይደለም ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅኩ።

“ውስጡ አየር አለ ቲቸር!” አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ድሪው ትዝ አለኝ። የድሪው ፍሬዎች ውስጣቸው ባዶ ቢሆንስ? ባዶ ከሆነ ንጹህ ወርቅም ቢሆን ብዙ ውሃ ይገፋል። ፈተናዬ ስለ ድሪው ምንም አልነገረኝም ነበር። ስለ ሰብለማ ጭራሽ!

ያን ቀን እናገራለሁ ብዬ እማማ ሙሉ ደጃፍ ደረስኩ። “እንዴት ዋልክ፣ አስተማሪዬ?” አሉኝ። “እግዚአብሔር ይመስገን” ብዬ አለፍኩ። በማግስቱም አለፍኩ። በኋላ ግቢው ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ስንበተን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለል አለኝ።

በቅርቡ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ሰብለን አገኘኋት። ልጅ አዝላለች።

“ቲቸር፣ አሁንም ትለካለህ?” አለችኝ ፈገግ ብላ። ስድብ ይሁን ይቅርታ አልገባኝም።

“አልፎ አልፎ” አልኳት። ይህን ነው ያልኳት!

አንዳንዴ “በእርግጥ ቀይራው ቢሆንስ?” እላለሁ። ከዚያ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔ እንድነጻ እሷ ሌባ ሆና እንድትገኝ እየተመኘሁ ነው። የቱ ነው ኃጢአቴ? መለካቴ? መናገሬ? ዝም ማለቴ? ወይስ ይህ ምኞት? እኔ ሁሉን በየፈርጁ የማስቀምጥ ሰው፣ ይህን መለየት አልቻልኩም።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እማማ ሙሉ በሕይወት አሉ። ስልካቸው አለኝ። “እማማ፣ ተሳስቼ ነበር” ለማለት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ለእናንተ ያስረዳሁት፣ እዚያ ላለመደወል ነው።